ሐረጎ ላይ ጉልበት የሚያጣ ፒክአፕ

የመኪና ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አምስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው። መኪናው ይለያይ እንጂ ሕመሙ ይመሳሰላል፦ ነዳጁ ከሰልባትዮ፣ ማለትም ከማጠራቀሚያው፣ ተነስቶ ሞተሩ ጋ በወጉ አይደርስም። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች «ፓምፓው ይውረድ»፣ ማለትም ነዳጅ ገፊው ተፈትቶ ይውጣ፣ ተብለዋል። ፓምፓ ከመውረዱ በፊት የሚታይ ብዙ ነገር ስላለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች አርዝመናቸዋል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ፤ ሞተሩ 3ኤል ናፍጣ ነው። ከኮምቦልቻ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ደሴ ስወጣ የሐረጎን ዳገት ሳላጋምስ ጉልበቱ ይከዳኛል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም አይሰማም። ዳር ይዤ አምስት ደቂቃ ካሳረፍኩት እንደ ጤነኛ ይነሳል፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ ያንኑ ይደግማል። ሜዳ ላይ ምንም የለበትም። የናፍጣ ማጣሪያውን (ፊልትሮውን) ቀይሬያለሁ። አያጨስም። መካኒኩ «ፓምፓው ይውረድ» ብሎኛል፤ ዋጋው ደግሞ ያስደነግጣል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ለጊዜው ፓምፓው ባለበት ይቆይ። «አያጨስም» ብለው በአንድ ቃል ያለፉት ነገር ዋናው ምልክት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ናቸው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት ትንሽ መድከሙ አይቀርም፤ ነገር ግን አየር ያነሰው የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጉልበት አጥቶ ጭስ ከሌለው የጎደለው ናፍጣ ነው። ቆሞ ሲያርፍ መዳኑ ደግሞ ናፍጣው የሚመጣበት መንገድ አንድ ቦታ ላይ መጥበቡን ይናገራል።

በዚህ መኪና ሰልባትዮ ውስጥ ገፊ ፓምፓ የለም። ናፍጣውን ከኋላ ድረስ ስቦ የሚያመጣው ሞተሩ ላይ ባለው ፓምፓ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ሳቢ ነው። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ የጠበበ መስመርም ይበቃዋል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ግን ከእጥፍ በላይ ይፈልጋል፤ ጥበቱ የሚጋለጠው ያኔ ነው።

መጀመሪያ አንድ ደቂቃ የማይፈጀውን ያድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይርገጥልዎ፤ እርስዎ ኮፈኑን ከፍተው የፓምፓው ክንድ ማቆሚያ ቡሎኑን መንካት አለመንካቱን ይዩ። ካቦው ተለጥጦ፣ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ከፔዳሉ ሥር ገብቶ ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በምንጣፍ ጥፋት ፓምፓ ማውረድ ያሳፍራል።

ቀጥሎ የሰልባትዮው ክዳን ነው። ናፍጣ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ ክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ በአቧራ ከተደፈነች ሰልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ሳቢው ከሰልባትዮው ጋር ይጓተታል። ክዳን ጠፍቶ በፌስታልና በጨርቅ የታሰረማ ከተደፈነም የከፋ ነው። ሐረጎ ላይ በሚቀጥለው ሲደክም ሞተሩን ሳያጠፉ ክዳኑን ያላሉ። ፉት ብሎ አየር ከሳበና ጉልበቱ ወዲያው ከተመለሰ በሽታውን አገኙት፤ መድኃኒቱ መተንፈሻ ያለው ክዳን ነው።

ክዳኑ ንጹሕ ከሆነ እኛ አብልጠን የምንጠረጥረው ሰልባትዮው ውስጥ መሳቢያው ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ነው። ዝገት፣ ጭቃና ከበርሜል የመጣ ቆሻሻ በስበቱ ኃይል ወንፊቷ ላይ ይለጠፋል። መኪናው ሲቆም ስበቱ ይቋረጥና ቆሻሻው ወደ ታች ይረግፋል፤ «አምስት ደቂቃ ሲያርፍ ይድናል» ያሉት ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል። ለማረጋገጥ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ወደ ፊልትሮው የሚገባውን ጎማ ቱቦ ነቅለው በእጅ ጎማ መንፊያ ወደ ኋላ፣ ወደ ሰልባትዮው ይንፉ። ከመቋቋም በኋላ ድንገት ተከፍቶ ናፍጣው ውስጥ ሲንቦጫቦጭ ይሰማል። የጋራዥ ኮምፕሬሰር በሙሉ ኃይሉ አይልቀቁበት፤ አሮጌ መጋጠሚያ ይፈነቅላል። ከነፉ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ደኅና ሄዶ ተመልሶ ከታመመ ሰልባትዮው ወርዶ መታጠብ አለበት። ሲታጠብ በናፍጣ እንጂ በውሃ አይሁን። ወንፊቷን ቆርጦ መጣል የተለመደ «መፍትሔ» ነው፤ ቆሻሻውን ወደ ፊልትሮው ከማዛወር በቀር የሚሠራው ነገር የለም።

አዲስ ፊልትሮ ማስገባትዎ ፊልትሮውን ነጻ አያወጣውም። ሰልባትዮው ከቆሸሸ አዲሱም በሳምንት ይሞላል። አውጥተው በመጋዝ ይክፈቱት፤ ወረቀቱ ጥቁርና የሚያዳልጥ ከሆነ ወይም ዝገት ከያዘ መልሱ እዚያ ነው። ከሻሲው ጋር የሚሄደውን የብረት ቧንቧም በእጅዎ እየዳሰሱ ይከተሉ፤ ክሪክ ተደግፎበት ወይም ድንጋይ መትቶት የተጨፈለቀ ቦታ ይኖራል። አሮጌ ጎማ ቱቦ ከውጭ ደኅና መስሎ ውስጡ ተላጦ ሲሳብ ይዘጋል። ሲጨምቁት እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ቱቦ ይቀየር፤ ትልቁ የመሳቢያ ቱቦ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ የናፍጣ ቱቦ ብለው ይግዙ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ከተጠራጠሩ ፈራጁ ጄሪካን ነው። ባለ 5 ሊትር ንጹሕ ጄሪካን በናፍጣ ሞልተው ሞተሩ አጠገብ፣ ከጭስ መውጫው ከማርሚታውና ከቀበቶዎቹ ርቆ አጥብቀው ይሰሩ። ወደ ፊልትሮው የሚገባውን ቱቦ ከጄሪካኑ ያስጀምሩ፣ የመመለሻውንም ቱቦ እዚያው ያስገቡ፤ አለበለዚያ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው እየሄደ ጄሪካኑ መንገድ ላይ ያልቃል። በዚያው ጭነት ሐረጎን ይውጡ። ከወጣ ፓምፓው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ከፊልትሮው ኋላ ነው። በጄሪካንም ከደከመ ወደ ፓምፓው የሚገባውን ቡሎን ፈትተው ይዩ፤ አንዳንዱ ፓምፓ እዚያ ላይ ጥፍር የምታክል ወንፊት አለችው፣ ብዙ መካኒክም አያያትም። እሷም ንጹሕ ከሆነች ያን ጊዜ ፓምፓው ይውረድ፣ ግን መሞከሪያ ማሽን ላይ አስሮ ልኩን ማየት የሚችል ባለሙያ ዘንድ ይሂድ።

ሌላ አንድ ነገር፦ ፓምፓው ላይ የመመለሻ ቱቦውን የሚይዘው ቡሎን አናቱ ላይ «አውት» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፣ ውስጡም ቀዳዳው ከመግቢያው ቡሎን እጅግ ይጠባል። ሁለቱ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ፊልትሮ ወይም ቱቦ ሲቀየር ይቀያየራሉ። ጠባቡ መግቢያ ላይ ከገባ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት) ይሠራል፣ ጭነት ሲያገኝ ግን ይራባል። ሕመሙ የጀመረው ከጥገና ማግስት ከሆነ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ይዩ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የኔ 2ኤል ሃይሉክስ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይላል። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፓ ሠላሳ አርባ ጊዜ ካልጫንኩ አይሆንም። አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ናፍጣ የሚፈስበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ፣ ከሥሩ ጠብታ የለም። ጓደኞቼ ብርድ ነው ይላሉ።
አንባቢ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም። ብርድ አይመስለንም። ጠብታ ያጡትም መስመሩ ስለማይረጭ፣ ይልቁንም ስለሚስብ ነው። ከላይ እንዳልነው ከሰልባትዮው እስከ ፓምፓው ያለው ሁሉ የሚሳብ መስመር ነው፤ የላላ ቦታ ሲኖር ናፍጣ ወደ ውጭ ከመፍሰስ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ሌሊቱን አየሩ ቀስ እያለ ገብቶ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፤ ጠዋት ፓምፓው የሚያገኘው አየር ነው።

ብርድና አየር የሚለዩት በማርሚታው ነው። ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር አንድ ሰው ከኋላ ይቁም። ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ አልገባም፣ ስለዚህ አየር ይፈልጉ። ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሳ ግን ናፍጣው ገብቷል፣ አልተቀጣጠለም፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩን ቀድመው የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎች ይመርምሩ። አራቱን የሚያገናኘውን የብረት ቁራጭ ፈትተው ከባትሪው ፖዘቲቭ በመብራት አምፖል በኩል እያንዳንዱን ካንዴሌታ ይንኩ፤ አምፖሉ የማይበራለት ሞቷል። ቀጥታ ሽቦ ግን አያስነኩ፣ ለሙሉ 12 ቮልት ያልተሠራ ካንዴሌታ ስላለ ይቃጠላል።

አየር መሆኑን የሚያረጋግጥ ነጻ ፈተና ደግሞ አለ፣ የወሎ መሬት የሰጠው። ማታ መኪናውን አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርገው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው ጎማውን በድንጋይ ደግፈው ያቁሙት። ሰልባትዮው ከሞተሩ ከፍ ስለሚል ናፍጣው ወደ ኋላ አይመለስም። በዚያ ሌሊት ማግስት በአንድ ምት ከተነሳ፣ ወደ ዳገት ዞሮ ሲያድር ደግሞ ከባሰበት ክርክሩ አለቀ።

ቀዳዳውን ለማግኘት ከፊልትሮው ወደ ፓምፓው ባለው ቱቦ ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ጥርት ያለ የላስቲክ ቱቦ በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ) አስገብተው ሞተሩን ያስነሱ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ማለፉ ግድ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ከቀጠለ እዚህ ቦታ ድረስ አየር ይገባል። ቱቦውን ወደ ፊልትሮው መግቢያ ያዛውሩት፦ እዚያ አረፋ ከሌለ ጥፋቱ ፊልትሮው ራሱ ነው፣ ካለ ከዚያ ኋላ ነው። የላስቲኩ ቱቦ ለምርመራ ብቻ ነው፤ ሙቀትና ናፍጣ ያደርቀውና ይሰነጠቃል፣ ትተውት አይሂዱ።

በልማድ አንደኛው ጥፋተኛ ራሷ የእጅ ፓምፓዋ ናት። ውስጧ ያለው ጎማ ሲሰነጠቅ ከአናቷ ሥር እርጥበት ይታያል፤ ሲጫኑ የሚያረጥብ፣ ሲለቁ አየር የሚስብ ማለት ነው። ጎማው ብቻውን ካልተገኘ ሙሉው የፊልትሮ ራስ ይቀየራል። ሁለተኛው፣ ፊልትሮ ሲቀየር አሮጌው የጎማ ቀለበት የፊልትሮው ራስ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ሲታሰር ነው። ሦስተኛው ከፊልትሮው ሥር ያለችው የውሃ ማፍሰሻ ቀለበት ናት። ቀጥሎ የቱቦ ጫፎችና ፋሼታዎች፣ በመጨረሻም ሰልባትዮው አናት ላይ ያለው መጋጠሚያ ናቸው። ቱቦ ላይ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠምጥሞ ካዩ ይፍቱት፤ ያ ጎማ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በሁለት ወር ይላላል። ቡሎኖቹ ግራና ቀኝ ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች በተፈቱ ቁጥር አዲስ ይሁኑ። ከጠፋ አሮጌውን እሳት ላይ እስኪቀላ አግለው ውሃ ውስጥ ይክተቱት፤ መዳብ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳልና እንደገና ይገጥማል።

ጥገናው ሲያልቅ አየሩ ይውጣ። የእጅ ፓምፓዋ ጠንክራ አልጫን እስክትል ይጫኑ፣ ከዚያ ሞተሩን ያስነሱ። ካልተነሳ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ላይ ያሉትን የቧንቧ ዳዶዎች በ17 ቁልፍ አንድ ዙር ያላሉ፣ ካንዴሌታውን ሳያግሉ ሞተሪኖውን ያዙሩ፣ ናፍጣው ያለ አረፋ መርጨት ሲጀምር ያጥብቁ። በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት፤ ሞተሪኖ የሚቃጠለው በዚህ ሥራ ላይ ነው። እጅዎን ወደ ርጭቱ በጭራሽ አያስጠጉ። ከኢንጀክተር የሚወጣ ናፍጣ ከ100 ባር በላይ ግፊት አለው፣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ቤንዚን የነከረ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ መያዝ፣ ወይም የማስነሻ ስፕሬይ መንፋት ይቅርብዎ። ካንዴሌታው ግሎ ሳለ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ የፒስተኑን ቀለበት (ፋሻ) እና ፒስተኑን ይሰብራል። አየር የያዘ መስመርንም አይፈውስም።

ጥያቄ፦ ከወገል ጤና ምስር ጭነን ልንወርድ ከበርሜል ናፍጣ ቀዳን። አሥር ኪሎ ሜትር ሳንሄድ እየተንገጫገጨ ጠፋ። ናፍጣውን በነጠላ አጥልለነው ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል።
ሾፌር፣ ከደላንታ

መልስ፦ ነጠላ ጠጠር ይይዛል፣ ውሃ ግን ያሳልፋል። ቢጫው መብራት ፊልትሮው ውስጥ ውሃ መሙላቱን የሚናገር ነውና ሞተሪኖውን ደጋግመው አያዙሩ፤ ውሃው ወደ ፓምፓው በገባ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ፓምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ራሱ ነው፣ ሌላ ዘይት የለውም፤ ውሃ ይዞ ቢያድር ይዝጋል።

ከፊልትሮው ሥር ዕቃ ያስቀምጡ፣ ማፍሰሻዋን ሁለት ሦስት ዙር ያላሉ፣ የእጅ ፓምፓዋን ይጫኑ። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ድብልቅ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ናፍጣ ይወርዳል፤ ጥርት ሲል ያጥብቁና እንደገና ጠንክራ እስክትቆም ይጫኑ። በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድተው 15 ደቂቃ ቢያስቀምጡት ውሃው ከሥር ተለይቶ ይታያል። ከሁለት ጊዜ ማፍሰስ በኋላም ውሃ ከመጣ ሰልባትዮው ውስጥ ብዙ አለ፤ የሰልባትዮውን ሥረኛ ቡሎን ፈትተው የታችኛውን አምስት ሊትር ያህል ያውጡ። መንገድ ላይ ይህን ሳያደርጉ «ቀስ ብዬ ልድረስ» ማለት ፓምፓና ኢንጀክተር ያስከፍላል።

ለወደፊቱ፦ በርሜሉ ሳይነቃነቅ አንድ ቀን ይደር፣ በአንድ በኩል ሥሩ ትንሽ ከፍ ይበል። ቱቦው ከፍ ካለው ጎን ይግባ፣ ከሥር አንድ ጥፍር ያህል ሳይሆን አንድ ስንዝር ይተውለት። በርሜሉ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ውጭ ካደረ የክረምት ዝናብ በክዳኑ ዙሪያ ይተኛና ቀን በሙቀት ሌሊት በብርድ ሲሳብ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ይከደን። የናፍጣው ሽታ ላምባ ላምባ የሚል ከሆነም አይቅዱት። ላምባ ሞተሩን ያስነሳዋል፣ ጉዳቱ ያኔ አይታይም፤ ቅባትነቱ ስለሚያንስ ፓምፓውን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቤንዚን ነው፣ ባለ ካርቡራቶር 22አር። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ደርሼ ስቆም ደኅና ነው። ዕቃ አራግፌ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመታው አይነሳም። ማታ ቀዝቀዝ ሲል ራሱ ይነሳል። አንዳንዴ ቱቦውን በአፌ እስባለሁ።
አንባቢ፣ ከባቲ

መልስ፦ በአፍ መሳቡን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ። ጥቂት ቤንዚን ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ሕመም ያመጣል። የተዋጠ እንደሆነ ማስመለስ አይሞከርም፣ ሳል ከጀመረ ጤና ጣቢያ ነው።

ሞተር ሲጠፋ ንፋሱም ውሃውም መዞራቸውን ያቆማሉ፣ ሙቀቱ ግን ለተወሰነ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ይጨምራል። ያኔ ቤንዚኑ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቧንቧው ውስጥ ተንኖ ፓምፓው እንፋሎት ብቻ ይገፋል፤ ወይ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት ካርቡራቶሩ ውስጥ ፈልቶ ወደ ሞተሩ ይፈስና ያጠግበዋል። የካርቡራቶሩን መስታወት ይዩ፣ ቤንዚኑ መሃል ላይ መታየት አለበት። ባዶ ከሆነና ሽታ ከሌለ እንፋሎት ነው፦ ኮፈኑን ከፍተው 20 ደቂቃ ያሳርፉት፣ እርጥብ ጨርቅ ፓምፓውና ቧንቧው ላይ ጣል ያድርጉ፣ የጋለው ማርሚታ ላይ ግን አይደለም። ሽታው ከከበደ ጠግቧል፦ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠው ይዘው፣ ሳይደጋግሙ፣ ሞተሪኖውን ያዙሩ።

ለዘለቄታው የመመለሻው ቱቦ መከፈቱን ያረጋግጡ። ብዙ ሰው ይህችን ቱቦ «ቤንዚን ታባክናለች» ብሎ በቡሎን ይደፍናታል፤ ትርፉን ቤንዚን እያዞረች መስመሩን የምታቀዘቅዘው እሷ ናት። የቤንዚን ቧንቧው ማርሚታውን ነክቶ የሚያልፍ ከሆነም ያርቁት። ቀጥሎ የሚመረመረው ቴስታው (የሞተሩ ራስ) ጎን ያለው ፓምፓ ነው። ውስጡ ያለው ጎማ ከተቀደደ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል፤ የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽትቱ። ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከልኩ በላይ ከሆነ ፓምፓውም ዘይቱም ሳይቀየሩ መኪናው አይነዳ።

ጥያቄ፦ ሾፌር ቀጥሬ የማሠራው ናፍጣ ፒክአፕ አለኝ። መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይጠፋል፣ ጥርጊያ መንገድ ላይ ይብሳል፤ ከዚያ ራሱ ይነሳል። ሾፌሩ ናፍጣ ይዘጋል ይላል።
እናት አንባቢ፣ ከወልድያ

መልስ፦ የናፍጣ መዘጋት እያነከሰና እየደከመ ነው የሚመጣው። መብራት እንደሚጠፋ ቀጥ ብሎ ከጠፋ፣ በተለይ መንገዱ ሲንጥ፣ ኤሌክትሪክ ነው። ፓምፓው ላይ አንድ ሽቦ የሚገባባት ጣት የምታህል ነገር አለች፣ ቁልፍ ሲከፈት ናፍጣውን የምትለቅ፣ ሲዘጋ የምታቋርጥ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ይክፈት ይዝጋ፣ እርስዎ ጆሮዎን ያቅርቡ፤ በእያንዳንዱ «ቀጭ» ማለት አለባት። ካላለች በመለኪያ 12 ቮልት መድረሱን ያሳዩ። መብራቱ ከደረሰ እሷ ትቀየር፣ ካልደረሰ ሽቦውና ፊውዙ ይታዩ። ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን በእጅ ወዝወዝ ሲያደርጉት ከጠፋ ጫፉ ዝጓል ወይም ላልቷል፤ ጫፉን አጽድቶ ጠበቅ ማድረግ ነው፣ ዋጋውም ከሻይ ብዙ አይበልጥም።